ዘርና ጾታ በፈረንሳይ ሙዚቃዊ ቴአትር ታሪክ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የፈረንሳይን ኦፔራና ኦፔሬታ (ንግግር የተቀላቀለበት ቀለል ያለ አዝናኝ ኦፔራ) ታሪክ ከዘርና ከጾታ አንጻር መመርመር በተነሣ ቁጥር የሚሰሙ መከራከሪያዎች አሉ፤ ብዙዎቹ ማስረጃው ሲገለጥ አይቆሙም። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ዘርና ጾታ የዘመናችን ጥያቄዎች ናቸው፤ በጥንቱ ሥራ ላይ የምንጭናቸው እኛ ነን።»

በ1776 ለፓሪስ ኦፔራ ቤት ኃላፊነት የታጨው ጆሴፍ ቦሎኝ፣ በማዕረግ ስሙ ሼቫልዬ ደ ሴን ዦርዥ፣ በካሪቢያን ባሕር የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት በነበረችው በጓዴሎፕ ከአንድ ነጭ የእርሻ ባለሀብትና ናኖን ከተባለች በባርነት ትኖር ከነበረች ሴት የተወለደ፣ በቫዮሊንም በጎራዴ ግጥሚያም ስመ ጥር የሆነ ሰው ነበር። ዘፋኞቹ ሶፊ አርኑና ሮዛሊ ሌቫሰር፣ ዳንሰኛዋ ማሪ ማድሌን ጊማርም አብራቸው፣ በክልስ ሰው ትእዛዝ ሥር ማደርን ክብራቸውና ኅሊናቸው እንደማይፈቅድላቸው ለንግሥቲቱ ለማሪ አንትዋኔት አቤት አሉ፤ ሹመቱም ቀረ። ዘር በዚያ አቤቱታ ላይ በግልጽ ተጠርቷል። የመድረክ ሴት ክብር በቀላሉ በማይታመንበት ዘመን፣ እነዚህ ሴቶች ክብራቸውን ያስመሰከሩት ከእነርሱ በታች የሚያስቀምጡት ሰው በማግኘታቸው ነው ብዬ አነበዋለሁ፤ ስለዚህም እዚህ ላይ ዘርን ከጾታ ነጥሎ ማጥናት አይቻልም። ወሬውን ያቆየልን በፓሪስ ይኖር በነበረው በጀርመናዊው ጸሐፊ በግሪም ስም የሚታወቀው፣ በእጅ እየተገለበጠ ለአውሮፓ መሳፍንት ይላክ የነበረው መልእክት መሆኑ ግን ተመራማሪውን ሊያስጠነቅቀው ይገባል።

«ፈረንሳይ የዘር ስታቲስቲክስ ስለማትይዝ ጥናቱ መሠረት የለውም።»

የ1978ቱ ሕግ የሰዎችን ዘር የሚገልጽ መረጃ መሰብሰብን በመርሕ ደረጃ እንደሚከለክል እውነት ነው። የታሪክ ተመራማሪ ግን በቆጠራ ብቻ አይሠራም። የኦፔራው ቤተ መጻሕፍትና ብሔራዊው ቤተ መዛግብት የአልባሳት ንድፎችን፣ የደመወዝ መዝገቦችን፣ እንዲሁም የመድረክ ሳንሱር እስከቀረበት እስከ 1906 ድረስ ለመርማሪዎች ይቀርቡ የነበሩ የድርሰት ግልባጮችን ይዘዋል።

«ሴቶች ዘፈኑ እንጂ የኦፔራ ሙዚቃ አልደረሱም።»

የኤሊዛቤት ዣኬ ደ ላ ጌር ሥራ በ1694፣ ደራሲው ቪክቶር ዩጎ ራሱ ግጥሙን የጻፈላት የሉዊዝ ቤርታን ሥራ በ1836፣ የኦጉስታ ኦልሜስም በ1895 በፓሪስ ኦፔራ መድረክ ቀርበዋል። በመካከላቸው ያለው የዓመታት ርቀት ራሱን የቻለ የምርምር ጥያቄ ነው።

«ሴት የወንድ ሚና መጫወቷ የነፃነት ምልክት ነው።»

አንዳንድ ጊዜ ሊሆን ይችላል። በ1870 «ኮፔሊያ» በተባለው ባሌት የጎረምሳውን የፍራንዝን ሚና የያዘችው ኤዤኒ ፊዮክር ነበረች፤ ይሁንና ሴቶች እስከ ቁርጭምጭሚት በሚሸፈኑበት ዘመን የወንድ ጠባብ ልብስ የዳንሰኛዋን እግር ያሳይ ነበር፤ ዓመታዊ ክፍያ የከፈሉ ወንዶችም ከመድረክ ጀርባ ወዳለው የዳንሰኞች አዳራሽ የመግባት መብት ነበራቸው።

«የመጀመሪያዋ ጥቁር ኮከብ ጆሴፊን ቤከር ናት።»

አሜሪካ ተወላጇ ዳንሰኛና ዘፋኝ ቤከር በ1925 ፓሪስ ከመድረሷ ከ140 ዓመት በላይ ቀድማ፣ ያኔ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት በነበረችው በዛሬዋ ሃይቲ ሚኔት የተባለች ነፃ ክልስ ወጣት በ1781 በፖርቶፕረንስ ቴአትር የፈረንሳይን ኦፔራ ኮሚክ (ዘፈንና ንግግር የሚፈራረቁበት ኦፔራ) ዘፍናለች፤ ወገኖቿ ግን በአዳራሹ ከነጮች ተለይተው ነበር የሚቀመጡት። ስለ ቤከር ሲወራ ወዲያው የሚነሣው በመድረክ የለበሰችው የ1926ቱ የሙዝ ቀሚስ ነው። ለምርምር ግን 1934 ይበልጥ ያዋጣል ባይ ነኝ፤ በዚያ ዓመት በፓሪስ ማሪኒ ቴአትር በአቀናባሪው በኦፈንባክ «ላ ክሬዮል» ኦፔሬታ የክልሷን የዶራን ሚና ዘፈነች፤ በ1875 ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ያው ሚና የነጯ ዘፋኝ የአና ዡዲክ ነበር። ለቤከር ሲባል ድርሰቱ እንደገና ተጽፏል፤ ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ለዶራ ምን እንደተጨመረላት፣ ምንስ እንደተቀነሰባት ገጽ በገጽ ማየት የዚህ ጥናት የዕለት ተዕለት ሥራ ነው።