ጌም ላይ ያለው «ለሁሉም» የሚል ምልክት ምንድን ነው?

ጌም ልትገዙ ወይም ልታወርዱ ስትሉ ሽፋኑ ጥግ ላይ ትንሽ ሳጥን ታያላችሁ። ውስጡ አንድ ፊደል ወይም ቁጥር አለ። ብዙ ሰው ልብ ሳይለው ያልፈዋል። ለልጅም ለአያትም የሚሆን፣ መገዳደል የሌለበት ጌም ለሚፈልግ ሰው ግን ከዚያ መጀመር ነው የሚያዋጣው። ብቻ አነባበቡን ማወቅ ያስፈልጋል።

ምልክቱ የዕድሜ ደረጃ ይባላል። በአሜሪካ የሚሰጠው ኢኤስአርቢ የተባለ ተቋም ነው፤ በአብዛኛው አውሮፓ ደግሞ ፔጊ የተባለው። ኢኤስአርቢ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ከዚያ በፊት ሞርታል ኮምባትን የመሰሉ ጌሞች ላይ የሚታየው ደም የአሜሪካን ሴኔት ሳይቀር አነጋግሮ ነበር። ፔጊ እ.ኤ.አ. በ2003 ተከተለ። የኢኤስአርቢ «ኢ» ፊደል «ለሁሉም ሰው» ማለት ነው። ፔጊ በዕድሜ ቁጥር ይሄዳል፦ 3፣ 7፣ 12፣ 16፣ 18። 3 እና 7 አረንጓዴ ናቸው፣ 18 ቀይ።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «ለሁሉም» ማለት ምንም ድብድብ የለም ማለት አይደለም። «ኢ» ያለበት ጌም ቀለል ያለ የካርቱን ጥቃት ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ከፊደሉ አጠገብ ያሉትን ትናንሽ ቃላት አንብቡ። ፔጊ ላይ ሥዕሎቹን እዩ። የተጨበጠ እጅ ጥቃትን፣ ሸረሪት ደግሞ የሚያስፈራ ነገርን ያመለክታል። የተገላቢጦሹም አለ። ባላትሮ የካርታ ጨዋታ ነው፣ ማንም ማንንም አይመታም። ሆኖም ፖከር ከተባለው የቁማር ጨዋታ ጋር ስለሚመሳሰል ፔጊ 18 ሰጥቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ነው ወደ 12 ያወረደው።

ሌላው፣ ደረጃው ጌሙ ለመጫወት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አይናገርም። የቼዝ ጌም 3 ሊያገኝ ይችላል፤ የሦስት ዓመት ልጅ ግን ቼዝ አይጫወትም። ያስደስታል ወይ የሚለውም የእሱ ጉዳይ አይደለም። ያንን የምንፈርደው እኛ ነን።

እኔ የማየው ሦስት ነገር ነው። ሌላ ሰው ሲጫወት አይቶ መረዳት ይቻላል ወይ? ቢሸነፉ ቶሎ መድገም ይቻላል ወይ? ጎበዙ ጀማሪውን ሊያግዝ ይችላል ወይ? ቴትሪስ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያልሞተው የመጀመሪያውን ስለሚያሟላ ይመስለኛል። ሳጥኖቹ ሲወርዱ ያየ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም። የመኪና እሽቅድድም ጌሙ ማሪዮ ካርት 8 ዴሉክስ መኪናው ከመንገድ እንዳይወጣ የሚይዝ አማራጭ አለው። ስለዚህ ትንሿ እህትም ከታላቅ ወንድሟ ጋር እኩል ትሮጣለች። እርግጥ እዚያ ላይ ተወዳዳሪዎች ዕቃ ይወራወራሉ። እሱም የሚከብደው ቤተሰብ ካለ፣ አንፓኪንግ የተባለውን የ2021 እ.ኤ.አ. ጌም በጣም እወደዋለሁ። ሥራው ከካርቶን ዕቃ እያወጡ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ጠላት የለም፣ የሚያስቸኩል ሰዓት የለም። መቆጣጠሪያ ይዘው ለማያውቁ ወላጆች ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም። ኦቨርኩክድ አብሮ ምግብ ማብሰል ነው፤ ያስቃል። ሰዓቱ ስለሚሯሯጥ ግን ጩኸት አይጠፋውም።

ማስተካከያውንም አትርሱ። ማይንክራፍት ፔጊ 7 ነው፣ ጭራቆች አሉት። «ሰላማዊ» የሚለው የጨዋታ አማራጭ ላይ ስታደርጉት ግን የሚያጠቁት ጭራቆች ይጠፋሉ፤ መቆፈሩና መገንባቱ ይቀራል። አንድ ጌም በአንዲት ምርጫ ሌላ ጌም ሆነ ማለት ነው።

ደም የሌለበት ጌም ሁሉ ግን ልጅን ብቻውን የሚተዉበት አይደለም። ፔጊ 3 ከሰጣቸው የእግር ኳስ ጌሞች መካከል ውስጣቸው በገንዘብ የሚገዛ ዕጣ መሰል ፓኬት የነበራቸው አሉ። ለዚህ ሁለቱም ተቋማት ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ጌሙ ውስጥ ግዢ አለ» የሚል ምልክት ጨምረዋል። ኦንላይን የሚያወራ የማይታወቅ ሰው የሚናገረውን ደግሞ የትኛውም ደረጃ አይሸፍነውም። ልጁ ትንሽ ከሆነ ቻቱን ዝጉት፣ የመግዣውን የይለፍ ቃልም ራሳችሁ ያዙት።

ከመክፈላችሁ በፊት ሰው ሲጫወተው የሚያሳይ ቪዲዮ ለአሥር ደቂቃ ያህል እዩ። የማስታወቂያውን ተዉት፤ እሱ የተመረጠውን ብቻ ነው የሚያሳየው። የተራ ተጫዋች ቪዲዮ ላይ ሲሸነፍ ምን እንደሚመጣ፣ ስንት ጊዜ «ግዛ» እንደሚባል፣ ድምፁ ምን እንደሚመስል ቁልጭ ብሎ ይታያል።