ቦርዱና ወመህ፦ መዋጮን ማን ይወስናል?

የትምህርት ቤት ምዝገባ በመጣ ቁጥር «ቦርዱ ወስኗል፣ መዋጮ ሳትከፍሉ ልጅ አይመዘገብም ተባልን» የሚል ጥያቄ እዚህ ስለሚደጋገም ላብራራው።

የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ የትምህርት ቤቱን ሥራ በበላይነት ይከታተላል፤ ዕቅድና በጀቱን ያያል። ወመህ፣ ማለትም የወላጅ መምህር ኅብረት፣ ወላጅን ይሰበስባል፤ የተዋጣው ብር የት እንደገባ ይጠይቃል። መዋጮ ወላጆች ተሰብስበው የሚስማሙበት እንጂ ከላይ የሚጣል ግብር አይደለም።

የኮሮናን ጊዜ አስታውሱ። መጋቢት 2012 የተዘጋው ትምህርት በ2013 ሲከፈት ተማሪ በፈረቃ ተከፋፈለ፣ ማስክና የእጅ መታጠቢያ ግድ ሆነ። ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ ያለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሮቶና አራት ቧንቧ አስፈለገው እንበል። ቦርዱ ዕቅድ ውስጥ ያስገባዋል፤ የመንግሥት ድጎማው ካልበቃ ወመህ ወላጅ ይጠራል። ስብሰባው 100 ብር ላይ ቢስማማም፣ ጣና ላይ ጀልባው ቆሞበት ቤት የዋለ አባት ልጁ መመዝገብ አለበት። የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት በነፃ ነው፤ ይህ አያከራክርም። በዚያ ዓመት ልጅን በ100 ብር ከበር መመለስ ግፍ ነው።

የቦርዱና የወመህ አባላት ብዛትና የመዋጮው መጠን ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል። የከፈላችሁ ግን ደረሰኝ ሳትይዙ አትውጡ።