«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»፦ ከመንዝ ባና እስከ አንበጣ ክንፍ

ይህ አባባል ደካማ የሚመስሉ ሰዎች ሲተባበሩ ኃያሉን ማሸነፍ እንደሚችሉ ይገልጻል፤ ለደቦ፣ ለዕድር ወይም ለዕርቅ ሰው ሲጠራም ይነገራል። «ድር» ሸረሪት የምትዘረጋውም፣ ሸማኔ በቁመት የሚወጥረው ፈትልም ስለሆነ፣ ብዙዎች አባባሉን ከሸረሪቷ ጋር ያያይዙታል። በሰሜን ሸዋ፣ በተለይም ሴቶች የበግ ፀጉር ፈትለው ወንዶች ባና የተባለውን ወፍራም ብርድ ልብስ በሚሸምኑበት በመንዝ ላደገ ሰው ግን ቀድሞ የሚታየው የሸማኔው ድር ነው ብዬ አምናለሁ። አንዱን ክር በሁለት ጣት ቢስቡት ይበጠሳል፤ ያው ክር ከብጤዎቹ ጋር ተወጥሮ በአግድም የሚሄደው ፈትል፣ ማግ፣ ከተላለፈበት በኋላ ግን የመንዝን ውርጭ የሚመክት ባና ይሆናል።

የአባባሉ ፍሬ ነገር «አበረ» በሚለው ግስ ላይ ነው። «ሺ ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም» የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ዝንቦቹ ተሰበሰቡ እንጂ አላበሩም። ማበር እርስ በርስ መያያዝን ይጠይቃል።

ይህን መያያዝ በግልጽ ያየሁት የአንበጣን የኋላ ክንፍ ወደ ፀሐይ አቅንቼ ስመለከት ነበር። መስተዋት የመሰለውን ስስ ሽፋን ወጥረው የያዙት ሥሮች ውስጣቸው ክፍት የሆነ ቱቦዎች ሲሆኑ፣ በውስጣቸው የነፍሳቱ ደም ይዘዋወራል፤ በዋና ዋናዎቹም የአየር ቧንቧና ነርቭ ያልፋሉ። ኮምስቶክና ኒደም የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1898 ለነፍሳት ሁሉ የሚያገለግል የሥሮች አሰያየም ያቀረቡ ሲሆን፣ ዋናዎቹ ቁመታዊ ሥሮች ከፊት ጠርዝ ወደ ኋላ ኮስታ፣ ሰብኮስታ፣ ራዲየስ፣ ሚዲያ፣ ኩቢተስና አናል ይባላሉ። ኮስታ በላቲን ጎድን፣ ኩቢተስ ደግሞ ክርን ማለት ነው። እነዚህን የሚያገናኙት አጫጭር ሥሮች ተሻጋሪ ሥሮች ናቸው። ለእኛ ተማሪዎች ቁመታዊዎቹን ድር፣ ተሻጋሪዎቹን ማግ ብሎ ማስተማር ከላቲኑ ይልቅ የሚቀርብ ይመስለኛል፤ ሸማኔ ሲሠራ ያየ ልጅ ነገሩን ከስሙ ይረዳዋልና።

እ.ኤ.አ. በ2012 በበረሃ አንበጣ የኋላ ክንፍ ላይ የታተመ ጥናት ተሻጋሪ ሥሮቹ የክንፉን ስንጥቅ የመቋቋም አቅም በ50 በመቶ ገደማ እንደሚያሳድጉ አሳይቷል። በሽፋኑ ላይ የጀመረ ስንጥቅ እየሰፋ ሄዶ ተሻጋሪ ሥር ሲያጋጥመው ብዙ ጊዜ እዚያው ይቆማል። የተቀደደ ክንፉን መጠገን የማይችለው አንበጣ፣ ጉዳቱ በሥሮች ከታጠረችው አንዷ የሽፋን ክፍል ወደ ቀጣይዋ ሳይዘልቅ መብረሩን የሚቀጥለው በእነዚህ ማጎች ነው።