ጂኦይድና የስበት ልኬት በጎጃም

ባሕሩ ያለ ማዕበልና ያለ ነፋስ ረግቶ ተኛ እንበል። ከዚያ በየብሱ ሥር መንገድ አግኝቶ እስከ ጎጃም ዘለቀ። ያ ውኃ የሚይዘው ወለል ጂኦይድ ይባላል። «ከባሕር ወለል በላይ ይህን ያህል ሜትር» ስንል የምንቆጥረው ከዚህ ወለል ተነስተን ነው። ደብረ ማርቆስ ከተማ ከዚህ ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች። የጮቄ ተራራ አናት ደግሞ 4,000 ሜትርን ያልፋል።

ወለሉ ግን ልሙጥ አይደለም። የምድር ውስጥ ክብደት በየቦታው ስለሚለያይ ጂኦይዱ ያብጣል፣ ይጎደጉዳል። ከሕንድ በስተደቡብ ባለው ውቅያኖስ፣ ኤሊፕሶይድ ከሚባለው ልሙጥ የሒሳብ ቅርጽ 100 ሜትር ያህል ይሰምጣል። ኒው ጊኒ አካባቢ ከ80 ሜትር በላይ ይነሳል። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጋውስ ሐሳቡን ያቀረበው በ1828 እ.ኤ.አ. ነበር። ስሙን ያወጣለት ሌላው ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ ሊስቲንግ ሲሆን እሱም በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው።

ይህ ለጎጃም ሰው ምን ይፈይዳል? ጂፒኤስ ከፍታን የሚያሰላው ከኤሊፕሶይዱ ተነስቶ ነው። ውኃ ደግሞ ኤሊፕሶይድ አያውቅም፤ የሚሄደው ስበት ወደሚመራው ነው። መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ለማልማት የታቀደ ነው። እዚያ ቦይ የሚቀይስ ባለሙያ በኪሎ ሜትር 20 ሳንቲ ብቻ ቁልቁለት ቢሰጠው፣ የከፍታው ቁጥር በጥቂት ሳንቲ ሲዛነፍ ውኃው መሀል ላይ ይተኛበታል። ስለዚህ የጂፒኤሱን ከፍታ ወደ ባሕር ወለል ከፍታ የሚለውጥ የጂኦይድ ካርታ ያስፈልገዋል። ካልሆነ በሌቭል መሣሪያና በሜትር እንጨት እየተራመደ ከቤንችማርክ ቤንችማርክ (ከፍታው ከታወቀ ምልክት ወደ ሌላው) መሄድ ነው። ጎጃም ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም፤ መንገዱ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ነው።

በአገሪቱ የቅየሳ ታሪክ ውስጥ አባይ ትልቅ ቦታ አለው። ከ1957 እስከ 1961 እ.ኤ.አ. የአባይን ተፋሰስ ለማጥናት በአሜሪካኖች ድጋፍ የቅየሳ መረብ ተዘረጋ። ዛሬም በብዙ ካርታዎች ጠርዝ ላይ የሚነበበው «አዲንዳን» የሚለው የልኬት መነሻ (በካርታው ላይ ያሉ ቦታዎች የሚቆጠሩበት) ከዚያ ዘመን ሥራ ጋር የተያያዘ ነው።

ጂኦይዱን በስበት መፈለግ ሌላው መንገድ ነው። የሒሳብና የፊዚክስ ሊቁ ስቶክስ በ1849 እ.ኤ.አ. ባወጣው ቀመር፣ በምድር ገጽ ላይ የተለካ ስበት ወደ ጂኦይድ ከፍታ ይለወጣል። መሣሪያው ግራቪሜትር ነው፤ ውስጡ በስፕሪንግ የተንጠለጠለ ትንሽ ክብደት አለ። ባለሙያው ባለሦስት እግር ማስቀመጫውን መሬት ላይ ያደላድላል። ብሎኖቹን እያዞረ ውኃ ልኩን መሀል ያመጣል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይጠብቃል። አንድ አይሱዙ ካለፈ ንባቡ ይረበሻል፤ እንደገና መጠበቅ ነው። መለኪያው ሚሊጋል ሲሆን፣ የመሬት ስበት አንድ ሚሊዮን ቦታ ቢከፈል አንዷ ክፍል ያህል ናት። ሦስት ሜትር ገደማ ከፍ ማለት ብቻ አንድ ሚሊጋል ይቀንሳል። ስፕሪንጉም ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ ይላላል። ስለዚህ ጠዋት የጀመሩበት ነጥብ ላይ ማታ ተመልሶ ማንበብ ግድ ነው። የጨረቃና የፀሐይ ስበትም ተሰልቶ ይቀነሳል።

የዚህ ሥራ እውነተኛ ፈተና ግን የአባይ በረሃ ነው። ከደጀን ወደ ድልድዩ ሲወረድ ከፍታው ከ1,300 ሜትር በላይ ይቀንሳል። በከፍታው ብቻ ቢሰላ ንባቡ ከ400 ሚሊጋል በላይ መጨመር ነበረበት። ያን ያህል አይጨምርም። አፋፉ ላይ ሳሉ ከእግር በታች ሆኖ ይስብ የነበረው ድንጋይ፣ ታች ሲወርዱ ግድግዳ ሆኖ ከላይ ይስባል። ቱንቢም ቢሆን ገደል አጠገብ ድንጋዩ ወዳለበት ወገን በጥቂቱ ያዘነብላል። በዚያ ላይ ድንጋዩ አንድ ዓይነት አይደለም። ላይኛው ባዛልት ከባድ ነው፤ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም ቀለል ያለው የአሸዋ ድንጋይ ይመጣል። ለሁሉም አንድ አማካይ ክብደት ወስዶ ማስላት የተለመደ ነው። ሜዳ አገር ላይ ያስኬዳል፤ እዚህ ግን ዋጋ ያስከፍላል።

ገደሉን ሁሉ በእግር መለካት ስለማይቻል አውሮፕላን መጣ። ከ2006 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ከአየር ላይ ስበቷ ተለካ። በ2010 እ.ኤ.አ. በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የቀረበ የዶክትሬት ጥናት ከዚህ ልኬት 92,433 ነጥቦችን ተጠቅሟል። ከጠፈር መንኮራኩር የተገኘውን የመሬት ከፍታ 1.5 ቢሊዮን ገደማ ቁራጭ አድርጎ የእያንዳንዱን ስበት ቀንሷል፣ በመጨረሻም መልሶ ደምሯል። ውጤቱ ከመሬት ላይ የሌቭል ልኬት ጋር ሲነጻጸር፣ በ100 ኪሎ ሜትር ርቀት ልዩነቱ 4 ሳንቲ ያህል ሆኖ ተገኘ። በዚህ መልክዓ ምድር ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከቁጥሩ ጀርባ የምድሩ ታሪክ አለ። የከፍታውና የሚታየው ድንጋይ ውጤት ከተቀነሰ በኋላ ደጋው ላይ የሚቀረው ስበት 200 ሚሊጋልና ከዚያ በላይ ይጎድላል። ተራራው ተቆልሎ ስበቱ የጎደለው ከሥሩ ቀላል ነገር ስላለ ነው፤ ወፍራም ቅርፊት፣ ከዚያ በታች ደግሞ ትኩስ ማንትል (ከቅርፊቱ ሥር ያለው ወፍራም የድንጋይ ንጣፍ)። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ያ ሁሉ ባዛልት የፈሰሰው ከዚያው ሙቀት ጋር ተያይዞ ነው። ስበት ብቻውን ግን አታላይ ነው። ጥልቀት ላይ ያለ ትልቅ ነገርና ቅርብ ያለ ትንሽ ነገር አንድ ዓይነት ንባብ ሊሰጡ ይችላሉ። ስለዚህ ሌላ ዓይነት ልኬት ያግዘዋል፤ ጣና አካባቢ ከላቫው ሥር ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ሜትር ውፍረት ያለው ደለል አለት መኖሩን የገለጠው በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ የኤሌክትሪክና የማግኔት ልኬት ነው።

ከ2002 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ግሬስ የሚባሉ ሁለት ሳተላይቶች 220 ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው እየተከታተሉ የስበትን የወር ለውጥ መዘገቡ። በ2018 እ.ኤ.አ. ተተኪዎቻቸው መጠቁ። ለእነሱ ጣና ብቻውን ትንሽ ነው፣ ለይተው አያዩትም። የላይኛው አባይ ተፋሰስ ግን ሰፊ ነው። ክረምቱ ገብቶ አፈሩ ውኃ ሲጠግብ ስበቱ ይጨምራል፤ በጋው ሲገፋ መልሶ ይቀንሳል።