ስኪዞፍሬኒያ (ከባድ የአእምሮ ሕመም) «80 በመቶ በዘር ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

ይህ ቁጥር ብዙ ሰው እያስደነገጠ ነው። እናቱ የታመመችበት ልጅ «እኔም የመታመም ዕድሌ 80 በመቶ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አይደለም። በፍጹም አይደለም።

80 በመቶው ስለ አንድ ሰው ዕጣ አይናገርም። የሚናገረው ስለ ብዙ ሕዝብ ነው። አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ የሆነበት ልዩነት ምን ያህሉ ከዘረመል (ከወላጆች ከምንወርሰው የዘር መረጃ) ጋር እንደሚያያዝ የሚያሳይ ግምት ነው።

የአንድ ሰው ስጋት ሌላ ስሌት ነው። በአጠቃላይ ከ100 ሰው 1 ያህሉ በሕይወት ዘመኑ ይታመማል። ከወላጆቹ አንዱ ከታመመ ግን ቁጥሩ ከፍ ብሎ ከ100 ሰው 10 ገደማ ይሆናል። እስቲ ገልብጣችሁ እዩት፤ 90 ያህሉ አይታመሙም።

ለእኔ ነገሩን ቁልጭ አድርገው ያሳዩኝ መንትዮች ናቸው። ፍጹም ተመሳሳይ ከሆኑ መንትዮች አንዱ ሲታመም፣ ሌላው የሚታመመው ቢበዛ በግማሽ ገደማው ነው። ዘረመል ብቻውን ወሳኝ ቢሆን ኖሮ ሁሌም ሁለቱም በታመሙ ነበር።

«የስኪዞፍሬኒያ ዘረመል» የሚባል አንድ ነገርም የለም። በ2022 የታተመ ትልቅ ጥናት 287 የዘረመል ቦታዎችን ለይቷል። የእያንዳንዳቸው ድርሻ ትንሽ ነው። ከባድ ስጋት የሚያመጡ ለውጦችም አሉ፤ ለምሳሌ ከ22ኛው ክሮሞዞም (ዘረመልን ከሚሸከሙት የሕዋስ ክሮች አንዱ) ቁራጭ ሲጎድል። እነዚህ ግን ጥቂት ሰዎች ላይ ነው የሚገኙት።

የስጋቱ ትክክለኛ አኃዝ ከጥናት ጥናት ይለያያል። ከዘረመል ውጪ ደግሞ ካናቢስን (ሐሺሽን) አዘውትሮ መጠቀም፣ በተለይ በጉርምስና፣ ስጋቱን ከፍ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ነው። በቤተሰባችሁ ሕመሙ ካለ ከዚህ መራቅ በእጃችሁ ያለ ነገር ነው።