«ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው» ሲባል ምን ማለት ነው? በማሳቹሴትስ ሚሊሻ ታሪክ

ይቺን አባባል ከልጅነታችን ጀምሮ እንሰማታለን፣ ብዙ ሰው ግን «ወሬ አትስሙ» ማለት ብቻ ትመስለዋለች። ቁልፉ ያለው «ፈታ» የሚለው ቃል ላይ ነው። እዚ ጋ መፍታት ማለት ቋጠሮ መፍታት አይደለም፤ ጦሩ ተፈታ ሲባል ሰልፉ ፈረሰ፣ ሰዉ በየፊናው ተበተነ ማለት ነው፣ አገር ተፈታ ሲባልም ሰው ቤቱን ጥሎ ሄደ ነው። ስለዚ ጦር መጥቶ ከበተነው ሰው ይልቅ «ጦር መጣ» የሚለው ወሬ የበተነው ይበልጣል እያለች ነው። ከምን አይነት ኑሮ እንደወጣች ከቃሏ ራሱ ይታያል፣ ስልክ የለ ሬድዮ የለ፣ ዜና በመንገደኛ አፍ ነው ሚመጣው፣ ሁለተኛው መንደር ሲደርስ ደሞ አብጦ ነው።

እኔ በደንብ የገባችኝ ግን የአሜሪካኖቹን ታሪክ ሳነብ ነው። በፈረንጆች 1774 ማሳቹሴትስ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነች፣ የቦስተን ወደብ ተዘግቷል፣ ሰዉ በጣም ተወጥሯል። ሴፕቴምበር 1 ገዢው ጄኔራል ቶማስ ጌጅ ወደ 260 ወታደር በጀልባ ልኮ ቦስተን አጠገብ ቻርልስታውን ከነበረ የድንጋይ ግንብ 250 ግማሽ በርሜል ባሩድ አስጫነ። አንድ ጥይት አልተተኮሰም፣ የሞተም የለም። ወሬው ግን «ስድስት ሰው ተገደለ፣ መርከቦቹ ቦስተንን በመድፍ እያነደዷት ነው» እየተባለ ኮኔክቲከት ድረስ ነጎደ፣ በሺ ሚቆጠር ገበሬም ጠብመንጃውን አንስቶ ወደ ቦስተን መንገድ ጀመረ። ውሸት መሆኑ ሲሰማ ደሞ ሁሉም ወደየቤቱ ተመለሰ። ወሬ የሰበሰበውን ወሬ መልሶ ፈታው።

ሰዎቹን የማደንቃቸው ከዛ በኋላ ባደረጉት ነገር ነው። ሚሊሻ እኮ ድሮም ነበራቸው፣ ከ16 እስከ 60 አመት ያለ ወንድ ሁሉ ማለት ይቻላል ውስጡ ነው፣ ችግሩ መኮንኖቹ ሹመታቸውን ያገኙት ከንጉሱ ገዢ ነው፣ ቀኑ ሲመጣ ከማን ጋር እንደሚቆሙ አይታወቅም። በዛው ሴፕቴምበር ዉስተር ከተማ 4,622 የሚሊሻ ሰው መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞ ቆመ፣ የፍርድ ቤት ሹማምንቱን መሃል ለመሃል ባርኔጣቸውን አውልቀው ስራ መልቀቃቸውን እያነበቡ እንዲያልፉ አደረጋቸው። ቀጥሎ የሚሊሻ መኮንኖቹ ሹመታቸውን እንዲመልሱ ተጠየቁ፣ የወረዳው ሚሊሻ በ7 ሬጅመንት (የጦር ክፍል) ተከፈለ፣ አለቃውን ሰዉ ራሱ እንዲመርጥ ተወሰነ፣ ሲሶው ደሞ በአንድ ደቂቃ ማስጠንቀቂያ ለመነሳት ዝግጁ እንዲሆን ተባለ። «ሚኒትመን» የሚለው ስም ከዚች ደቂቃ ነው የመጣው። ኦክቶበር ላይ የክፍለ ሀገሩ ሸንጎ ነገሩን ለሁሉም አደረገው፣ ከየሚሊሻው ቢያንስ ሩቡ ተለይቶ፣ በትንሹ 50 ሰው እየሆነ በአንድ አለቃ ስር እንዲደራጅ።

ለውጡን በቅርብ ማየት ሚፈልግ የሌክሲንግተንን (ቦስተን አቅራቢያ ያለች ከተማ ነች) ሌሊት ይይ፣ 1775 ኤፕሪል 18 ለ19 አጥቢያ። እኩለ ሌሊት ገደማ «የእንግሊዝ ወታደሮች እየመጡ ነው» የሚል መልክት በፈረስ ደረሰ። ካፒቴን ጆን ፓርከር፣ ገበሬ ነው፣ በሳምባ ነቀርሳ የሚሰቃይ፣ ሰዎቹን ሰበሰበና ግን በሰማው ብቻ አልተነሳም፣ መንገዱን አይተው እንዲመጡ ቃፊር ላከ። አንዱ ተመልሶ «ምንም የለም» አለ። ፓርከር «ከበሮ ስትሰሙ ተመለሱ» ብሎ አሰናበታቸው፣ ቅዝቃዜ ስለነበር ብዙዎቹ እዛው አጠገብ ያለው መጠጥ ቤት ገብተው ጠበቁ። ሊነጋጋ ሲል ሌላ ቃፊር እየጋለበ መጣ፣ ወታደሮቹ ደርሰዋል፣ በአይኑ አይቷቸዋል። ከበሮው ተመታ፣ 77 የሚሆኑ ሰዎች ሜዳው ላይ ተሰለፉ። ከፊታቸው የመጣው ጦር በጠቅላላው 700 ገደማ ነው። ፓርከር ቁጥሩን ሲያይ እንዲበተኑ አዘዘ፣ በመሃል ተኩስ ተከፈተ፣ 8 ሰው ሞተ፣ ከቆሰሉት አንዱ በባርነት ይኖር የነበረ ፕሪንስ ኢስታብሩክ የሚባል ጥቁር ሰው ነው።

ያን ቀን የፈታቸው ጦር ነው፣ ወሬ አይደለም። ከሰአት በኋላም ፓርከር የተረፉትን ይዞ እንግሊዞቹ ሲመለሱ መንገድ ላይ ጠበቃቸው።