የምርጥ ቴኳንዶ ተፋላሚዎች ሰውነትና ብቃት

የቴኳንዶ ተፋላሚ ሰውነት ለምን እንደዚያ ቀጠን፣ ረዘም እንደሚል ለመረዳት መጀመሪያ ሚዛኑን ማየት ነው። ኦሊምፒክ ላይ ወንዶች እስከ 58፣ እስከ 68፣ እስከ 80 ኪሎ እና ከዚያ በላይ ተብለው ይከፈላሉ። ሴቶች ደግሞ እስከ 49፣ እስከ 57፣ እስከ 67 እና ከዚያ በላይ። ኪሎ ገደብ አለው፣ ቁመት ግን የለውም። በዚያው ኪሎ ረዥም እግር ይዞ የመጣ ሰው ቀድሞ ይደርሳል።

ነጥብም በብዛት የሚሰጠው ለእግር ነው። ቡጢ 1፣ ጭንቅላት ላይ ያረፈ እርግጫ 3፣ ዞሮ ጭንቅላት ላይ ከሆነ 5። ደረትና ክንድ ላይ የተከመረ ጡንቻ እዚህ ብዙም አይጠቅምም፣ ሚዛን ላይ ግን ይቆጠራል። ከ80 ኪሎ በላይ ሲሆን ደግሞ ግዙፎቹ ይመጣሉ፤ የኒጀሩ አብዱል ራዛክ ኢሱፉ 2 ሜትር ከ7 ሳንቲም ነው፣ በ2008 ዓ.ም. ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ ብር ወስዷል።

የሰውነት ስብስ? ቆዳን ቆንጠጥ አድርጎ በሚለካ መሣሪያ ሲታይ ምርጦቹ ወንዶች ከ7 እስከ 14 በመቶ፣ ሴቶቹ ከ12 እስከ 19 በመቶ አካባቢ ናቸው። ከዚህ በታች ለመውረድ መታገል ግን ጥሩ አይደለም። በቂ ምግብ የማታገኝ ስፖርተኛ የወር አበባዋ ሊቋረጥ፣ አጥንቷም ሊሳሳ ይችላል።

አንድ ግጥሚያ 2 ደቂቃ የሚፈጅ ዙር ነው፣ ቢበዛ ሦስት፣ በመሀል 1 ደቂቃ ዕረፍት። አጭር ይመስላል። ተፋላሚው ግን ሙሉውን ጊዜ ይነጥራል፣ ድንገት ለአንድ ሁለት ሴኮንድ ይፈነዳል፣ ተመልሶ ይነጥራል፣ ልቡም ከአቅሟ 90 በመቶ በላይ ትመታለች። እርግጫው ጡንቻ ውስጥ በተጠራቀመው ጉልበት ይሄዳል። በሁለት እርግጫ መሀል እንዲያገግም የሚያደርገው ግን ትንፋሽ ነው፣ ለዚህ ነው ሩጫን የሚንቅ ቴኳንዶኛ የትም የማይደርሰው። የምርጥ ወንዶች ሰውነት በደቂቃ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ44 እስከ 63 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን መጠቀም ይችላል። ኦሊምፒክ ላይ ወርቅ የሚወስድ ሰው በአንድ ቀን አራት ጊዜ ይፋለማል። የአይቮሪኮስቱ ሼክ ሳላ ሲሴ ሪዮ ላይ በመጨረሻዋ ሴኮንድ ረግጦ 8 ለ 6 ሲያሸንፍ፣ ለሀገሩም የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ሲያመጣ፣ የዚያን ቀን አራተኛ ፍልሚያው ነበር።

አስቸጋሪው ነገር ኪሎ ማውረድ ነው። ሚዛን የሚወጣው ከውድድሩ በፊት ባለው ቀን ስለሆነ ብዙዎች ላስቲክ ለብሰው ይሮጣሉ፣ ሳውና ይገባሉ፣ ውሃ ይተዋሉ፣ ከዚያ በአንድ ሌሊት መልሰው ይሞላሉ። በትልልቅ ውድድሮች አሁን ጠዋት ላይ በዕጣ ድጋሚ ይመዝናሉ፣ ከ5 በመቶ በላይ የጨመረ ይወጣል፤ በ58 ኪሎ የሚወዳደር ከ60.9 ማለፍ አይችልም ማለት ነው። እኛም ሀገር በየሰፈሩ ቴኳንዶ የሚሠሩ ልጆች አሉ፣ እባካችሁ በማደግ ላይ ያለ ልጅን ውሃ አትከልክሉ።

አደጋው የምር ነው። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ያንግ ጂያን ቢንግ የተባለ የ21 ዓመት ቻይናዊ የድብልቅ ማርሻል አርት ተፋላሚ ማኒላ ውስጥ ኪሎ ሲያወርድ ሕይወቱ አለፈ። ውድድሩን ያዘጋጀው ዋን ሻምፒዮንሺፕ የተባለ ድርጅት ከዚያ በኋላ ውሃ እያስወጡ ኪሎ መቀነስን ከለከለ። አሁን እዚያ የሚፋለም ሰው ከሚዛኑ ሌላ ሽንቱም ይመረመራል፣ ውሃ የጎደለው ሰውነት አያልፍም።